ቡቺን በሚዛን መመገብ

ቡቺ 4 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጭ ውሻ ነው። እናቱ ማልቲዝ ከተባለው የትናንሽ ውሾች ዝርያ እንደ ነበረች ነግረውኛል፤ አባቱን የሚያውቅ ግን የለም። ቤታችን ከገባ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። በእነዚህ ዓመታት ሁለት ጊዜ በምግብ ምክንያት ታሞ ሐኪም ዘንድ ወስጄዋለሁ። የመጀመሪያው እኛ ከምንበላው አካፍለነው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ለእሱ ብቻ ተለይቶ የተሠራና ከሁሉ የተሻለ ነው ብዬ ያመንሁበትን ምግብ እየሰጠሁት ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ ስለ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ስሕተት ሰዎች ሲነገራቸው ቶሎ ይቀበሉታል፤ ሁለተኛውን ግን ውሻቸውን ከልብ በሚወዱ ሰዎች ቤት ዛሬም አየዋለሁ።

የመጀመሪያው የደረሰው በፋሲካ ሰሞን ነው። እናቴ ከዶሮ ወጡ ቅልጥም ቅልጥሙን እየለየች፣ በቁሌቱ በራሰ እንጀራ እየጠቀለለች ለሁለት ቀን ያህል ታጎርሰው ነበር፤ በዓሉን እሱም ይይ ብላ ነው። በአራተኛው ቀን ቡቺ ከመኝታው አልነሣ አለ፤ ድዱ ነጥቶ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ ደሙን ከመረመረ በኋላ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሽንኩርት በልቷል?» አለን። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም በውሻ ደም ውስጥ ያሉትን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አላቸው፤ ይህም ንጥረ ነገር ሲቀቀል፣ ሲቁላላ ወይም ደርቆ ሲፈጭ አይጠፋም። አንድ ውሻ በአንድ ጊዜ ከክብደቱ 0.5 በመቶ በላይ የሚሆን ሽንኩርት ከበላ የመመረዝ ምልክት ይታይበታል ይባላል። ለ4 ኪሎ ውሻ ይህ 20 ግራም ብቻ ነው። ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ ለሚያውቅ ሰው 20 ግራም ሽንኩርት ስንት ማንኪያ ቁሌት ውስጥ እንደሚገኝ መገመት አያቅተውም። በርበሬ ስለሌለበት ደኅና ነው ብለን የምናስበው አልጫም ቢሆን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለው፤ ሽሮውም ሲዘጋጅ ቅመሙ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር አብሮ ይፈጫል። ስለዚህ የእኛ ወጥ በየትኛውም ዓይነቱ የውሻ ምግብ ሊሆን አይችልም። ቡቺ ተረፈ፤ ድዱ ወደ ቀድሞ ቀለሙ ለመመለስ ግን ሳምንታት ፈጅቶበታል።

ከዚያ በኋላ ከገበታችን አንዳች ነገር እንዳይቀምስ ወስኜ ለብቻው ማብሰል ጀመርሁ። ከልኳንዳ ቤት ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ እገዛለሁ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም እቀቅለዋለሁ፣ ከነጭ ሩዝ ጋር አደባልቄ እሰጠዋለሁ። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ በላ። ጠጉሩ መጀመሪያ ላይ አማረ፣ ሆዱም ተስተካከለ፤ ያየው ሁሉ «ከሰው በላይ ይበላል» ይል ነበር። እኔም አምኜው ነበር። ኋላ ግን ሶፋ ላይ መዝለል ተወ፤ የኋላ እግሩን ሲነኩት ይቆጣ ጀመር፤ በር ሲንኳኳ እየሮጠ ይወጣ የነበረው ውሻ ባለበት ሆኖ መጮኽ አመጣ። እኔ ብርድ መትቶት ነው ብዬ ነበር። ሐኪሟ (ይህች ሌላ ሐኪም ናት) ራጅ አንሥታ ካየች በኋላ የሚበላውን አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። ሥጋ፣ ሩዝ፣ አልፎ አልፎ ካሮት አልኋት። «ካልሲየሙን ከየት ያገኛል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀይ ሥጋ በፎስፎረስ የበለጸገ ነው፤ ካልሲየሙ ግን እጅግ ጥቂት በመሆኑ የሁለቱ ንጽጽር አንድ ለአሥራ አምስት ወይም አንድ ለሃያ ይሆናል። የውሻ ሰውነት ደግሞ ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ እኩል ወይም ጥቂት በለጥ ያለ እንዲሆን ይፈልጋል። ይህ ሚዛን ሲዛባና በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲያንስ፣ አንገት ላይ ያሉት ፓራታይሮይድ የተባሉ ትናንሽ ዕጢዎች ሆርሞናቸውን አብዝተው ያመነጫሉ፤ በዚህም ምክንያት የጎደለው ካልሲየም ከአጥንቱ ውስጥ እየተሸረሸረ ወደ ደሙ ይገባል። የደም ምርመራው ብዙ ጊዜ ደኅና መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው፤ ደሙ የሚሞላው አጥንቱ እየጎደለ ነውና። በቡችላ ላይ ይህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እግርን እስከ ማጉበጥና እስከ መስበር ይደርሳል፤ በትልቅ ውሻ ላይ ግን ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ባለቤቱ ሳያየው ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ቡቺ ያን ዓመት ሙሉ ሳህኑን እየላሰ ሲጨርስ ሳይ የጠገበ መስሎኝ ነበር፤ ሆዱ በእርግጥም ጠግቦ ነበር።

በዚህ ስሕተት ብቻዬን እንዳልነበርሁ ያወቅሁት ኋላ ሳነብ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኙ የእንስሳት ሐኪሞች በመጻሕፍትና በድረ ገጾች የወጡ 200 የውሻ ምግብ አሠራሮችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 95 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሎባቸው ተገኝተዋል። ከአሠራሮቹ ብዙዎቹ የተጻፉት በእንስሳት ሐኪሞች ነበር። ዓይነት እየቀያየሩ ማብላትም ጉድለቱን አይሸፍነውም፤ የሰኞው ምግብ የጎደለው ዚንክ ከሆነና የማክሰኞውም የሚጎድለው ያው ዚንክ ከሆነ፣ ሰባት ዓይነት ምግብ በሳምንት ቢቀያየር ለውጥ የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን የቡቺን ምግብ እንደ ምሳሌ እንድታዩት እንጂ ለውሻችሁ እንዳለ እንዳትገለብጡት እለምናለሁ። ለቡችላ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ውሻ፣ ኩላሊቱ ወይም ቆሽቱ ለታመመ ውሻ ፈጽሞ አይሆንም።

የጀመርሁት ከማስላት ነው። አንድ ውሻ ምንም ሳይሠራ ተኝቶ ቢውል የሚያስፈልገውን ጉልበት ለማወቅ በሙያው የታወቀ ስሌት አለ፤ በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል። የውሻውን ክብደት በኪሎ ሦስት ጊዜ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ ዳግም ዘሩን ሁለት ጊዜ ማውጣት፣ የተገኘውንም በ70 ማባዛት ነው። ለቡቺ 4 በ4 በ4 ሲባዛ 64 ይሆናል፤ የ64 ዳግም ዘር 8፣ የ8 ደግሞ 2.83 ነው፤ ይህ በ70 ሲባዛ 198 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ለተኮላሸ አዋቂ ውሻ ይህ ቁጥር እንደ እንቅስቃሴው በ1.4 ወይም በ1.6 ይባዛል። እኔ መሐሉን ይዤ በቀን 300 ኪሎ ካሎሪ ብዬ ጀመርሁ። ስሌቱ መነሻ ነው፤ ሁለት ውሾች አንድ ዓይነት ክብደት ኖሯቸው የሚበቃቸው መጠን በጣም ሊለያይ ስለሚችል፣ የመጨረሻው ፈራጅ በየሁለት ሳምንቱ የሚወሰደው ክብደትና የጎድኑ አጥንት በእጅ ሲዳሰስ የሚሰጠው ስሜት ነው። ጎድኑ ሳይጫኑ የሚዳሰስ ግን ከሩቅ የማይታይ መሆን አለበት።

ይህ ቁጥር ትንሽ ውሻ ምን ያህል ለስሕተት ቦታ እንደሌለው አሳየኝ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው፤ ለእኔ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ለቡቺ ግን የዕለት ምግቡ ሲሶ ነው። ትንንሽ ውሾች ቅባት የበዛበት ምግብ በድንገት ሲበሉ ቆሽታቸው የመቆጣት አደጋም አለባቸው፤ ይህ በሽታ በብርቱ ያስታውካል፣ ሊገድልም ይችላል። ቅቤ የበዛበትን ጨጨብሳ ወይም የጥብስ ስብ «ለአንድ ቀን ምን ይለዋል» ብሎ መስጠት እኔ የማልስማማበት ለዚህ ነው። በምግብ መሐል የሚሰጡ ጉርሻዎች በሙሉ ተደምረው ከዕለቱ ካሎሪ አሥር በመቶ ባይበልጡ ይመከራል፤ ለቡቺ 30 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው። እኔ ይህን በተቀቀለ ካሮት ቁራጮችና በጣት ጥፍር በምታክል የዶሮ ደረት እሞላዋለሁ።

አሁን ለአንድ ሳምንት የማዘጋጀው ይህን ይመስላል። 700 ግራም ስብ የተነሣለት ቀይ ሥጋ፣ 70 ግራም ጉበት፣ 3 እንቁላል፣ 150 ግራም ያልተቀቀለ ሩዝ፣ 150 ግራም ስኳር ድንች፣ 100 ግራም ካሮት ወይም ዱባ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት። ሁሉም ከመብሰሉ በፊት የሚመዘን ነው። ተደምሮ ወደ 2100 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ለሰባት ሲካፈል 300 ነው። ሁሉንም አብስዬ ካደባለቅሁ በኋላ ድስቱን እንዳለ እመዝንና የድስቱን ክብደት ቀንሼ ለአሥራ አራት እከፍለዋለሁ፤ ጠዋትና ማታ ማለት ነው። ውኃው በመብሰል ጊዜ ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ አንዱ ክፍል በየሳምንቱ ጥቂት ግራም ይለያያል፤ ካሎሪው ግን ያው ነው። ከዚህ በፊት በጭልፋ እሰፍር ነበር። ሁለት ጭልፋ እኩል ሆኖ አያውቅም።

በዚህ ድስት ውስጥ ያለው ፎስፎረስ 2.2 ግራም ገደማ ነው፤ ካልሲየሙ ግን 0.3 ግራም እንኳ አይሞላም። የጎደለውን የምሞላው በእንቁላል ቅርፊት ነው። ቅርፊት ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አንድ ግራም ደቃቅ ዱቄት 0.38 ግራም ገደማ ንጹሕ ካልሲየም ይይዛል። በየሳምንቱ የቤቱን እንቁላል ቅርፊት አጥቤ ለአሥር ደቂቃ አፈላዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ በምጣድ ላይ ጥቂት አምሰዋለሁ፣ ከዚያ በሙቀጫ ወቅጬ በቡና መፍጫ እንደ ዱቄት እስኪልም እፈጨውና በጥሩ ወንፊት እነፋዋለሁ። የሚቆረቁር ስብርባሪ መቅረት የለበትም። ለሳምንቱ ድስት 7 ግራም፣ በቀን አንድ ግራም ማለት ነው፣ ይገባል። ይህን ለመመዘን የወጥ ቤት ሚዛን አይበቃም፤ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ገዝቻለሁ። ካልሲየም ሲበዛም ሌሎች ማዕድናትን፣ በተለይ ዚንክን፣ ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያግድ «ትንሽ ልጨምር፣ አይጎዳውም» የሚባል ነገር አይደለም።

አጥንትስ ለምን አይሰጠውም የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ውሻና አጥንት በእኛ አነጋገር እንኳ የማይለያዩ ናቸውና። የበሰለ አጥንት፣ የዶሮው በተለይ፣ ሲታኘክ እንደ ሰንጥር እየሾለ ይሰበራል፤ የ4 ኪሎ ውሻ አንጀት ደግሞ ከአንድ ጣት አይሰፋም። የበሬው ቅልጥም ጥርሱን ይሰነጥቀዋል። ከዚህም በላይ ከአጥንት ምን ያህል ካልሲየም እንዳገኘ ማንም ሊለካ አይችልም፤ ከቅርፊቱ ግን እለካለሁ።

ስለ ዘይቱ ደግሞ ጥቂት መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ረገድ የታደልን ነን። ውሻ ሰውነቱ ራሱ ሊሠራው የማይችለውና የግድ ከምግብ ማግኘት ያለበት ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ የቅባት ዓይነት አለ። ሲጎድል ቆዳው ይፈረፈራል፣ ጠጉሩ ይደርቃል። ስብ የሌለው ሥጋና ሩዝ ይህን በበቂ አይሰጡም። የኑግ ዘይት ግን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይኸው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ከአሥር በመቶ ብዙም የማይበልጥ ስላለው ለዚህ ጉዳይ አይተካውም። ከዘይት መጭመቂያ ቤት ትኩስ ኑግ በጥቂቱ እገዛለሁ፣ በጨለማ ቦታ አስቀምጠዋለሁ፣ ምግቡ ከበሰለና ከቀዘቀዘ በኋላ አደባልቀዋለሁ። ተልባም ጥሩ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ነገር ግን በተልባ ውስጥ ያለውን ኦሜጋ ሦስት የተባለ ቅባት ውሻ ወደሚጠቅመው ዓይነት የሚለውጠው እጅግ በጥቂቱ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሥጋው ጥቂት ቀንሼ ሰርዲን እሰጠዋለሁ፤ ዘይቱን አፍስሼና በሙቅ ውኃ አለቅልቄ፣ መረቁ ሽንኩርት እንደሌለው ጣሳው ላይ አንብቤ።

ጉበት መጠኑ ሲጠበቅ ከሁሉ የበለጸገ ምግብ ነው። ቫይታሚን ኤ፣ መዳብና ብረት ከእሱ ይገኛሉ። ቫይታሚን ኤ ግን በሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም ለዓመታት በየቀኑ ጉበት የሚበላ ውሻ መገጣጠሚያው እስከ መድረቅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከሥጋው አሥር በመቶ አላሳልፍም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ በከተማችን ሳንባ፣ ጉበትና ሌላ ሆድ ዕቃ ለውሻ ተብሎ በርካሽ ይሸጣል፣ በበዓል ቀን ደግሞ በግ ሲታረድ ጥሬውን ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ያየ ሰው ብዙ ነው። እነዚህ ኢካይኖኮከስ የተባለ የጥገኛ ትል እጮች ናቸው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም በዓይነ ምድሩና በጠጉሩ በኩል ወደ ሰው፣ ይልቁንም ውሻ አቅፎ ወደሚጫወት ሕፃን ይተላለፋል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። ቡቺ ትልቅ ቁራጭ ጉበት አይሰጠውም፤ በትንሽ ተከትፎ መሐሉ ቀይነቱን እስኪያጣ ይበስላል። ከረጢት የታየበት ከሆነም ተቀብሮ ወይም ተቃጥሎ እንጂ ሌላ ውሻ በሚያገኘው ቦታ አይጣልም። ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒትም ሐኪሟ በምታዝዝለት ጊዜ ይወስዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ድስቱ አልሞላም። ቫይታሚን ዲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ አዮዲንና ማንጋኒዝ ይጎድሉታል፤ ዚንኩም ከዝቅተኛው መጠን አፋፍ ላይ ነው። ብዙ ሰው ቫይታሚን ዲን ከፀሐይ ያገኛል ይላል፤ የእኛ ፀሐይ ለሰው ይህን ያደርጋል፣ የውሻ ቆዳ ግን ቫይታሚን ዲን በበቂ መጠን መሥራት አይችልም፤ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ ቢውልም ከምግብ ማግኘት አለበት። አዮዲን ያለው ጨው እንዲሁ አይበቃም፤ የሚያስፈልገውን አዮዲን ለማግኘት የሚጨመረው ጨው ለትንሽ ውሻ እጅግ ይበዛል። ስለዚህ ለቤት ውስጥ ምግብ ማሟያ ተብሎ የተዘጋጀ የውሾች የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት ያስፈልጋል። እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። የእኔን አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለዘመድ በሚመጣ ሻንጣ ትልክልኛለች፤ አንዱ ዕቃ ለ4 ኪሎ ውሻ ብዙ ወራት ይቆያል፤ ትንሽ ውሻ የማሳደግ አንዱ ጥቅም ይህ ነው። ከእነዚህ ዱቄቶች አንዳንዶቹ ካልሲየሙን ጨምረው ይይዛሉ፤ ያን ጊዜ ቅርፊት አይጨመርም። የቡቺ ካልሲየም የሌለበት ነው። ከፋርማሲ የሰው መልቲቫይታሚን ገዝቶ ሰባብሮ መስጠት ግን አደገኛ ነው፤ ብረቱና ቫይታሚን ዲው ለትንሽ ውሻ የመርዝ ያህል ሊሆን ይችላል፤ የሚታኘኩትም አንዳንድ ጊዜ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ አላቸው፤ እሱም የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ይጥላል። ስኳር የለውም የሚባለው ማስቲካ እንዲሁ ነው።

በቤታችን ከሽንኩርት ሌላ ከቡቺ አፍ የምናርቃቸው የሚከተሉት ናቸው፤ ቸኮላት፣ ወይንና ዘቢብ፣ የቡና አተላ፣ የጠላ አተላ፣ እንዲሁም ለዳቦ የተቦካ ጥሬ ሊጥ። ሊጡ በሆዱ ሙቀት እየኮመጠጠ ይነፋል፣ አልኮልም ያመነጫል። ድፎ በሚጋገርበት ቀን የሊጡን ዕቃ ከመሬት አንሥተን ከፍ ያለ ቦታ ላይ እናደርጋለን። ቆስጣም አልሰጠውም፤ ጠጠር የሚሠራው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገሩ ብዙ ስለሆነና ትንንሽ ውሾች ለፊኛ ጠጠር የተጋለጡ በመሆናቸው ነው። ንጹሕ እንጀራ በጥቂቱ አይጎዳውም፤ ነገር ግን ካሎሪው ከጉርሻው ድርሻ ይቆጠራል።

ያስቸገረኝ አንዱ ጉዳይ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት በሰፈራችን ያሉት ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ እናቴም ትጾማለች። የፍስክ ዕቃችን ለብቻው ነው፤ የቡቺ ድስት፣ ቢላዋና መክተፊያም ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የተለየ ሆኖ በጓሮ በር በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ምግቡን የማበስለው በከሰል ምድጃ ደጅ ላይ ነው፣ ሽታው ቤት እንዳይገባ። ሥጋውን ከሙስሊም ልኳንዳ ቤት እገዛለሁ፤ ሰፈራችን አንድ ስላለ ችግሬ በዚህ ተቃልሏል። ለሁለት ወር ገዝቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማከማቸት ይቀል ነበር፤ መብራት ግን በየጊዜው ስለሚጠፋ አልደፈርሁም። አንድ ጊዜ ቀልጦ የቆየን ሥጋ መልሶ ማርጋት ተገቢ አይደለም። የሦስት ቀኑን በፍሪጅ፣ የአራት ቀኑን በፍሪዘር አስቀምጣለሁ፤ ከአንድ ሳምንት በላይ የሚሆን አላበስልም። በቅርቡ ጾም ስለገባ «ውሻውም ይጹም» የሚሉ ወዳጆች ነበሩኝ። ውሻ ያለ ሥጋ በባለሙያ በተዘጋጀ ምግብ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ለሁለት ወር ሽሮና እንጀራ መስጠት ያ አይደለም፤ ሽሮው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት አለው።

ወደ አዲሱ ምግብ ያሸጋገርሁት በአሥር ቀን ነው፤ መጀመሪያ ሩቡን፣ ከዚያ ግማሹን፣ ከዚያ ሦስት አራተኛውን እየለወጥሁ። በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ተቅማጥ ያያል፣ ጥፋቱንም በምግቡ ላይ ያደርጋል። በሁለተኛው ወር ክብደቱ 4.3 ኪሎ ስለደረሰ ሩዙን ወደ 120 ግራም ዝቅ አደረግሁ፤ ካልሲየሙን፣ ጉበቱንና ዱቄቱን ግን አልነካሁም። ሰው ውሻው ሲወፍርበት ሁሉንም ከሳህኑ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ማዕድናቱም አብረው ይቀንሳሉ። በስድስተኛው ወር ሐኪሟ እንደገና ራጅ አንሥታ አጥንቱ መሻሻሉን አሳየችኝ። የምግቡን ዝርዝር ደግሞ በግራም ጽፌ ስላቀረብሁላት እያንዳንዱን ቁጥር አብረን አየነው። ለምታማክሩት ሐኪም «ሥጋና ሩዝ» ከማለት በግራም የተጻፈ ወረቀት ይዞ መቅረብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያን ዕለት ገባኝ። አሁን በዓመት አንድ ጊዜ ደሙ ይመረመራል፤ ቡቺ ሶፋው ላይ ራሱ ይወጣል።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ ሚዛንና ዱቄት ስታይ ዝም ትል ነበር። እሷ ያሳደገቻቸው ውሾች የተረፈውን በልተው ኖረዋል። የፋሲካው ነገር ግን በእሷ እጅ ስለደረሰ ከማንም በላይ አዝናለች፤ ስለዚያ ቀን ብዙ አታወራም። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ዶሮው በየብልቱ ተለይቶ ሲታጠብ ወጥ ቤት ገብቼ ሳለሁ፣ የቁሌቱ ሽንኩርት ገና ድስት ውስጥ ሳይገባ፣ ከፈረሰኛው ጥቂት ቆርጣ በቡቺ ድስት ለብቻው ጥዳው አገኘኋት። «ስንት ግራም ላድርግለት?» አለችኝ። ሃያ አልኋት፤ ከማታ ምግቡም ያንኑ ያህል ሥጋ ቀነስሁ።